በዶላር የገዛሁት ግዞት

ደሴት ሲባል በእኛ ሰው አእምሮ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ገዳም ነው፤ በጣና ላይ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ እንደ ደብረ ጽዮን፣ ሰው ዓለምን ንቆ፣ በታንኳ ተሻግሮ፣ ጥሬ ቆርጥሞ፣ ዳዊቱን እየደገመ የሚኖርበት። ሁለተኛው ግዞት ነው፤ ጣሊያኖች ምጽዋን በያዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዳህላክ ደሴቶች በአንዱ፣ በኖኩራ፣ የከፈቱት እስር ቤት፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ መኳንንትና ወይዛዝርት የተጋዙበት አሲናራ የሚባለው የኢጣልያ ደሴት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሻንጣውን ሸክፎ፣ ለደስታ ሲል ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው በአያቶቼ ተረትም በአባቴ ወግም ውስጥ አልነበረም። እኔም ስልሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሦስተኛ ዓይነት ደሴት አላውቅም ነበር።

ሦስተኛውን ያሳወቀችኝ ልጄ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. እኔና እናቷ የተጋባንበት ሠላሳ አምስተኛ ዓመት ሲሞላ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ነርስ የሆነችው ይህች ልጃችን ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተራ እየደረበች ካጠራቀመችው ገንዘብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ከማልዲቭስ ደሴቶች በአንዱ ላይ ስድስት ሌሊት ገዛችልን። የአንዱ ሌሊት ዋጋ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነበር። በዚያ ላይ 16 በመቶ የመንግሥት ግብር፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ደግሞም «የአረንጓዴ ግብር» የሚባል በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ 6 ዶላር ይጨመርበታል። (ይህ የመጨረሻው በ2025 ወደ 12 ዶላር ከፍ ብሏል፤ 16 በመቶ የነበረውም በዚያው ዓመት 17 ሆኗል።) ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ደሴቱ ለምታደርሰው የባሕር አውሮፕላን ለእያንዳንዳችን ከአምስት መቶ ዶላር በላይ ተከፈለ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ያለው ተራች ታሪፉን አይቶ ኖሯል ልበል?

ቅር ብሎን ተመለስን። ይህን ለልጃችን እስከ ዛሬ አልነገርናትም፤ ይህንን መጽሐፍ ገዝታ ብታነበው በዚህ ታውቀዋለች። የደሴቱን ሪዞርት ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ አንድ ቤት ጉድለት ስላልሆነ ስሙ ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም። ቅር ያለን ለምን እንደ ሆነ ለመናገር ግን ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

ልጄ ከትኬቱ ጋር አንድ ወፍራም ብሮሹር ሰጥታን ነበርና እንደ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አርባ ገጽ ነው። ከገጽ ገጽ የሚመላለሰው ቃል «የግል» የሚለው ነው፤ የግል ዳርቻ፣ የግል መዋኛ፣ የግል እራት፣ እንዲያውም የግል ጀንበር መጥለቂያ አለ። ቀጥሎ «ያልተነካ» ይመጣል። ቀጥሎ «ከሁሉም የራቀ»። በፎቶግራፎቹ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ባሕሩን የሚያዩ አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ከእነርሱ በቀር ሰው የለም። ሠራተኛ የሚታየው በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ሙሉ ሰው አይደለም፤ ነጭ እጅጌ የለበሰ፣ ብርጭቆ የያዘ አንድ እጅ ነው። የአገሩ ስም ከሽፋኑ በስተቀር ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሕዝቡ፣ ቋንቋው፣ ታሪኩ ፈጽሞ የሉም። በሃያሲ ዓይን ላየው ይህ ድርሰት ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንባቢው ራሱ የሆነ፣ ሌላው ሁሉ በጥንቃቄ የተሰረዘበት ድርሰት። ደሴቱም ድርሰቱ የሚተወንበት መድረክ ነው። ስለዚህ ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ማማረር የተዋናዩን ካባ ቀዳዳ እንደ መቁጠር ይሆናል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ድርሰቱ ምን ይላል ተብሎ ነው። (ማፍሰሱ ግን እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ።)

በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ በፊት የተናገሩ ታላላቅ ሰዎች አሉ፤ ሻንጣዬ ውስጥም ይዣቸው ሄጄ ነበር። ከአንቲጓ ደሴት የተወለደችው ጀማይካ ኪንኬድ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. «ትንሽ ስፍራ» ብላ ባሳተመችው ቀጭን መጽሐፍ፣ ወደ አገሯ ለሽርሽር የመጣውን እንግዳ ፊት ለፊት ተጋፍጣ ታናግረዋለች፤ የምትታጠብበት ውኃ ከዚህ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህን የሚል ዓይነት ጥያቄ እየጠየቀች ታሳፍረዋለች። የሴንት ሉሲያው ዴሬክ ዎልኮት በ1992 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ደሴቶቹ በቱሪስት ብሮሹር ውስጥ እንዴት እንደሚኮስሱ አማርሯል። አሜሪካዊው ዴቪድ ፎስተር ዋላስ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በአንድ የቅንጦት መርከብ ላይ አንድ ሳምንት ስለ መሽሞንሞኑ ረዥም መጣጥፍ ጽፎ፣ ሰው በተቀማጠለ መጠን ቅሬታው እየቀነሰ ሳይሆን እየበዛ እንደሚሄድ በራሱ ላይ እየቀለደ አሳይቷል።

እነዚህን መጻሕፍት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ አንድ ነገር መወሰን ይኖርበታል፤ እንግሊዝኛው የማያውቀውን ውሳኔ። ኪንኬድ እንግዳውን የምትጠራው «አንተ» ብላ ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም፤ «እርስዎ» ካለችማ መጽሐፉ ይሞታል። ብሮሹሩ ግን ከዳር እስከ ዳር «እርስዎ» ነው። እኔ ደግሞ የተቀመጥሁት በሁለቱ መካከል ነው። ዋላስ ተገልጋይ ሆኖ ስለ ራሱ ልብ ጻፈ። ኪንኬድ ከተገልጋዩ በተቃራኒ ቆማ ጻፈች። በወጣትነቱ አገልጋይ የነበረ፣ በሽምግልናው በልጁ ላብ ተገልጋይ የሆነ ሰው ምን እንደሚሰማው ግን ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አላገኘሁም። በአሜሪካ የምንኖር የእኛ ትውልድ ሰዎች ስንቶቻችን ነን በሆቴል አልጋ ያነጠፍን፣ ሻንጣ የተሸከምን፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ጭስ እየማግን ልጅ ያሳደግን! ወደዚህ ነጥብ የሚያደርሰኝን መንገድ ግን ከመነሻው ላስረዳ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴቱ ላይ አላደርንም። አውሮፕላናችን በመካከል ዘግይቶ ማሌ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ የባሕር አውሮፕላኖቹም ጀንበር ከጠለቀች አይነሡም። ዘጠኝ መቶ ዶላሩ ባዶ አልጋ ላይ አደረ፤ እኛ ደግሞ ሌላ ገንዘብ ከፍለን በሁልሁማሌ ሆቴል ያዝን። ሁልሁማሌ አሸዋ ከባሕር እየተዛቀ የተሠራች፣ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በድልድይ ከዋና ከተማው ጋር የተገናኘች ሰው ሠራሽ ደሴት ናት። ባለቤቴ በጣም ተናድዳ ነበር። እንቅልፍ ስለ እምቢ አለን ወጥተን በእግራችን ስንዘዋወር ሕፃናት በብስክሌት ይሯሯጣሉ፣ ሴቶች ባሕሩ ዳር ነፋስ ይቀበላሉ፣ ሽማግሌዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ያወጋሉ። አንድ ሻይ ቤት ገባን። ከሻዩ ጋር በዓሣና በኮኮነት የተሞላ፣ ሳምቡሳን የሚያስታውስ ጥብስ አቀረቡልን።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ጢማቸው የሸበተ አዛውንት ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያ አልናቸው። ወዲያው ፊታቸው ፈካና የቢላልንና የነጃሺን ስም ጠሩ፤ ከዚያም ለሻያችን ካልከፈልሁ አሉ። ወሬ ወሬን ሲያመጣው፣ አጎታቸው በማሙን አብዱል ጋዩም ዘመን በአንድ ሩቅ ደሴት ሁለት ዓመት ተግዘው እንደ ነበር አጫወቱን። ወንጀለኛም ሆነ ያልታዘዘ ሰው ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ሌላ ደሴት መሰደዱ በማልዲቭስ የቆየ ቅጣት ነው። ጋዩም ከ1978 እስከ 2008 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ገዝተዋል፤ እርሳቸውን በምርጫ አሸንፎ የተተካው ሞሐመድ ናሺድ ራሱ ደጋግሞ የታሰረ፣ ወደ ሩቅ ደሴት የተጋዘ፣ በስደትም የኖረ ሰው ነው። እነዚህን ነገሮች ለስደተኛ አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም። እኔና ባለቤቴ አዛውንቱን እየሰማን ተያየን። ከሰባቱ ቀን ውስጥ በአንድ አገር ውስጥ ነን ያልነው በዚያች ሌሊት ብቻ ነበር፤ እርሷም በስሕተት የመጣች፣ ያልተዋዋልንባት ሌሊት ናት።

በማግስቱ በረርን። አብራሪዎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ይህ የአገሩ ልማድ ነው፤ ባለቤቴ አማተበች። ከላይ ሲታይ ነገሩ በእርግጥ ያስደንቃል፤ አሥራ ሁለት መቶ የሚጠጋ ደሴት፣ እያንዳንዱ በነጭ አሸዋ የተከበበ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ጨው። ውበቱን የሚክድ ሃያሲ ዓይን የለውም። አብዛኛው አሸዋ በቀቀን የሚመስል መንቁር ያለው ዓሣ ኮራል እየጋጠ፣ እየፈጨ የሚያወጣው ኩስ መሆኑን ሳነብ ግን ሳቅሁ፤ ብሮሹሩ ይህንን አልጠቀሰውም።

የማልዲቭስ ቱሪዝም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ኩሩምባ የተባለው ሪዞርት ሲከፈት ነው። ከዚያ ወዲህ የተከተለው ሥርዓት አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት የሚል ነበር፤ ሪዞርት የሚሠራው ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ፣ ሕዝቡ የሚኖረው በሌላው ደሴት ላይ። እንግዳው በሕዝብ ደሴቶች ላይ በእንግዳ ማረፊያ እንዲያድር የተፈቀደው ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው ይባላል፤ በእስልምና በሚተዳደረው ሕዝብ ዘንድ የተከለከለው መጠጥና የተከለከለው ራቁትነት በሪዞርት ደሴት ላይ ብቻ እንዲቀር። የሕዝቡን ሃይማኖት መጠበቅ አይነቀፍም። ነገር ግን ውጤቱን ልብ ይሏል፤ ብሮሹሩ በወረቀት ላይ የሰረዘውን ሕዝብ መንግሥት አስቀድሞ በካርታ ላይ ሰርዞለታል። ከግማሽ ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ነዋሪ ያላት አገር በ2023 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ተቀብላለች፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው አንድም የአገሩን ቤት ሳያንኳኳ ተመልሷል። አዛውንቱ አጎታቸው የተላኩበትን ዓይነት ቦታ፣ ከቤተሰብና ከጎረቤት የራቀ፣ መርከብ ካልመጣ የማይወጡበት ደሴት፣ እኔ ዘጠኝ መቶ ዶላር እየተከፈለልኝ ገባሁበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንታዊ ቅሬተኛ ላንሣ። ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1343 ዓ.ም. ማልዲቭስ ደርሶ ቃዲ ሆኖ ተሹሞ ነበር፤ የደሴቶቹ ሴቶች ከወገባቸው በላይ አይሸፈኑም ብሎ አማረረ፤ ሊያስለብሳቸው ሞከረ፤ አልተሳካለትም፤ ተጣልቶም ሄደ። ቢሆንም አግብቶ፣ ዳኝቶ፣ ከሹማምንቱ ጋር ተካስሶ ነው ቅር ያለው። እኔ የምጣላውም ሰው አጣሁ።

አሁን ወደ ጣሪያው። ጎጆአችን በእንጨት ምሰሶ ላይ፣ ከውኃው በላይ የቆመች ናት፤ ወለሏ ላይ ዓሣ የሚታይበት መስታወት አለ ተብሎ ነበር፤ መስታወቱ ሽበት አውጥቶ ከአረንጓዴ ሽፋን በቀር የሚያሳየው የለም። ሐምሌ ነበርና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ዝናብ የሚበዛበት ወራት ነው፤ ልጃችን ቅናሽ ያገኘችው በዚህ ምክንያት መሆኑን ኋላ ተረዳሁ። ከቀሩት አምስት ቀኖች አራቱ ዘነበ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአየር ማቀዝቀዣው በአልጋው ራስጌ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ስንደውል አንድ ወጣት በዝናብ በስብሶ ባልዲ ይዞ መጣ፤ ሰባት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀን፤ ቆጥሬዋለሁ። በማግስቱ ተጠገነ፤ ጠብታው ከራስጌ ወደ ግርጌ ተዛወረ። ሌላ ክፍል የለም ተባልን፤ በካሣ መልክ «የግል እራት» በባሕሩ ዳር ተሰጠን፤ ነፋሱ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ኮራሉን ለማየት መነጽር አድርጌ ገባሁ፤ እንደ አመድ የነጣ፣ የተሰባበረ፣ የአጥንት ክምር የሚመስል ነገር አየሁ። የማልዲቭስ ኮራል በ1998 እና በ2016 ዓ.ም. ባሕሩ ከልክ በላይ ስለ ሞቀ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ብሮሹሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ እግዜር ይወቅ። ምግቡ ብዙ ነው፤ ብዛቱን አልክድም። ቲማቲሙም፣ ሥጋውም፣ እንቁላሉም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ የውኃው ብርጭቆ ሳይቀር በናፍጣ ጄነሬተር ጨው የሚወጣለት የባሕር ውኃ ነው። ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ጠየቅሁ። በማሌ አቅራቢያ ቲላፉሺ የሚባል፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በቆሻሻ እየተሞላ የተሠራ ደሴት እንዳለ አውቅ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ፣ ስለዚያ አይጨነቁ፣ አለችኝ። ኪንኬድ ትዝ አለችኝ፤ «አንተ» ስትለኝ ሰማሁ።

ይህ ሁሉ ግን ቅሬታዬ አይደለም፤ ባልዲ ያዩ ሰዎች ነን፤ በሱዳን በረሃ ባልዲም አጥተናል።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል መዋኛው ዳር ቆሜ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። አንዲት አውሮፓዊት ሴት ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ዓይኗንም ከመጽሐፏ ሳታነሣ፣ ሁለት ፎጣ አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ምን ብዬ እንደ መለስሁላት ትጠብቅ ይሆናል። ምንም አላልሁም። ሄጄ ሁለት ፎጣ አመጣሁላት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ፎጣውን እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሆኖ በግራ ክንድ ላይ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከእንግዳው በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በዋሽንግተን በአንድ ትልቅ ሆቴል የተማርሁት ሁሉ በእጄ ውስጥ ነበር። እርሷም አመሰገነችኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። በብሮሹሩ ውስጥ ያየሁት ነጭ እጅጌ ያለው እጅ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ለባለቤቴ ማታ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ መጨረሻ ላይ ዝም አለች።

በዚያ ሪዞርት ለእያንዳንዱ ጎጆ በእንግሊዝኛ «በትለር» የሚሉት ሰው ይመደባል። ይህን ወደ አማርኛ እንዴት ልመልሰው? «አስተናጋጅ» አይሆንም፤ አስተናጋጅ የቤቱ እንጂ የአንተ አይደለም። ትክክለኛው ቃል አሽከር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በ1966 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ «መሬት ላራሹ» እያልሁ አዲስ አበባ ላይ የሮጥሁ ሰው፣ ባለርስት የነበሩ አጎቴን ስለ አሽከሮቻቸው ምሳ ላይ ያዋረድሁ ሰው፣ በስልሳ ስድስት ዓመቴ አሽከር ተሰጠኝ። ስሙን በደረቱ ላይ ለጥፏል። ባልዲውን ይዞ የመጣው እርሱ ነው። ከባንግላዴሽ የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ በማልዲቭስ ከውጭ ከሚመጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ የዚያ አገር ሰዎች ናቸው። ለደላላ የከፈለውን ብድር ለመጨረስ አንድ ዓመት ተኩል እንደ ፈጀበት፣ እናቱን ካየ ሦስት ዓመት ሊሆነው እንደ ሆነ ነገረኝ። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እኅቶቻችን የሚነግሩን ታሪክ ነው፤ ቃሉ እንኳ አይለወጥም፤ ደላላ፣ ብድር፣ የእናት ሕመም። የሚኖረው በደሴቱ መካከል ከወፍራም ቁጥቋጦ አጥር በስተጀርባ፣ አንድ ክፍል ለስድስት ሆነው ነው። በዚያች በእግር ሃያ ደቂቃ በምትዞር መሬት ላይ እንግዳው የማያየው አንድ ሙሉ መንደር አለ፤ ወጥ ቤት፣ መስጊድ፣ የልብስ ገመድ፣ የእግር ኳስ ሜዳ። ከአጥሩ ባሻገር ሳቅ ሲሰማ ባለቤቴ በእኛ በኩል ሳቅ ሰምታ እንደማታውቅ አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው፤ ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

በሳምንት አንድ ምሽት «የአገሩ ባህል» ይቀርባል። ቦዱ በሩ የሚባለው ከበሮ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ በመርከበኞች ወይም በባሪያዎች በኩል እንደ ተሻገረ ይታመናል። እንግዶቹ እራታቸውን እየበሉ ነበር። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ የባለቤቴ ትከሻ ሳታስበው ተንቀሳቀሰ። ከከበሮ መቺዎቹ አንዱ፣ ጎልማሳው፣ ይህንን አየ፤ ዞር ብሎ ለእርሷ መታላት። ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያህል በዚያ ደሴት ላይ ሰው ነበረ። ከዚያ የፕሮግራሙ ሰዓት አለቀና ጣፋጭ ምግብ ቀረበ።

በመጨረሻው ቀን መጠይቅ ተሰጠን። ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ቁጥር ማክበብ ነው። ያ ልጅ ሻንጣችንን ሲያስር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቢቻልዎ ስሜን ይጻፉልኝ፣ በወር ውስጥ ስሜ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ይቆጠራል፣ አለኝ። እኔም «ልጄ፣ የጣሪያውን ጉዳይ ብጽፍ በማን ላይ ይመጣል?» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ሻንጣውን ማሰር ቀጠለ። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ። በዚያው በ1986 ዓ.ም. በዋሽንግተኑ ሆቴል አንድ እንግዳ፣ ስሜን ስለማያውቅ «ረዥሙ ጥቁር ልጅ» ብሎ፣ ፎጣ አዘገየብኝ የሚል ማስታወሻ ጽፎ ሄደ። የዘገየው የልብስ ማጠቢያው መኪና ስለ ተበላሸ ነበር። አንድ ሳምንት ያለ ደመወዝ ተቀጣሁ፤ የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈለልኝ ከእኔ ጋር ከሱዳን የመጣ ወንድሜ ነው።

እንግዲህ የሃያሲው ችግር እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ቅሬታ ሁሉ ቁልቁል እንዲፈስ ተደርጎ ነው። ጣሪያውን ያላስጠገነው፣ ኮራሉን በሐሰት ፎቶግራፍ የሸጠው፣ ሕዝቡን ከድርሰቱ የሰረዘው በመጠይቁ ላይ ቦታ የለውም፤ ቦታ ያለው ባልዲውን ያመጣው ልጅ ብቻ ነው። በሁሉም ላይ አሥር አከበብሁ፤ ስሙንም በትልቁ ጻፍሁ። በጀልባ ማረፊያው ላይ አውሮፕላኗን ስንጠብቅ ባለቤቴ ተጣላችኝ።

«ልጅቷ እንቅልፏን ሸጣ ያመጣችው ገንዘብ ነው፤ ለእነርሱ አሥር ትሰጣለህ?»

«ለልጁ ነው የሰጠሁት።»

«ልጁ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ገንዘቡን የሚያገኙት እነርሱ ናቸው። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ይህን ታደባልቀዋለህ።»

ትክክል ነበረች፤ እስከ አሁንም ትክክል ነች። መጠይቁ ላይ ዝም ስል ልጁን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ የጠበቅሁት ብሮሹሩን ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ያቺ ያረጀች የኮራል ፎቶግራፍ በእኔ አሥር ላይ ተደግፋ ለሌላ ሰው ልጅ ትሸጣለች። ኪንኬድ እንግዳውን ስታሳፍር ይህን አላነሣችም፤ እርሷ የምታውቀው እንግዳ ምንም የማያይ ስለ ሆነ ዝም ይላል። አይቶ፣ ተረድቶ፣ ራርቶ ዝም የሚለው እንግዳ ግን ለባለ ሪዞርቱ ከማያየው ይልቅ ይጠቅመዋል። ይህን ለመማር ከዋሽንግተን እስከ ሕንድ ውቅያኖስ መሄድ ማስፈለጉን ሳስብ እበሳጫለሁ።

ቤት ከገባን በኋላ ሁለታችን ተቀምጠን ለዋናው መሥሪያ ቤት አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። የሠራተኛ ስም አልጠቀስንም። ስለ ጣሪያው አንድ አንቀጽ፣ ስለ ኮራሉ ፎቶግራፍ አንድ አንቀጽ ጻፍን፤ የቀረው ሠራተኞቹ ከአጥሩ ጀርባ ስለሚኖሩበት ሁኔታ፣ መጠይቁ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ በደሴቱ ላይ ስለ አገሩ አንድ መጽሐፍ እንኳ አለመኖሩን የሚመለከት ነበር። ስለ ፎጣው ባለቤቴ ልጻፍ ስትል እኔ ከለከልሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ «ውድ እንግዳችን» ይላል፤ ስለ አየር ማቀዝቀዣው ከልብ አዝነናል ይላል፤ ስለ ሌላው ምንም አይልም፤ ለቀጣዩ ቆይታችሁ የ15 በመቶ ቅናሽ ሰጥተናችኋል ይላል።

ልጃችን በነጩ አሸዋ ላይ የተነሣነውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትማ ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጥፋዋለች። የቆምነው ጀርባችንን ሰጥተን ነው፤ ፎቶ አንሺው እንዲህ ቁሙ ብሎን ነበር።

የቅናሹን ወረቀት ባለቤቴ በመሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። አንድ ቀን አውጥታ አየችና፣ ይህንን ለዚያ ልጅ ብንልክለት እናቱን አምጥቶ ቢያሳያት አይሆንም ወይ አለችኝ። ከግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መነጽሬን አድርጌ አነበብሁላት፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም ይላል።